ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል

ይህ ተረት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሰውን ለማሳነስ ነው። ሊቅ በጠፋበት ሰፈር ግማሽ የተማረው ሲከበር፣ ጎበዝ በሌለበት ቢሮ ልግመኛው አለቃ ሲሆን ይወረወራል። አንዳንዱ «ዛፍ በሌለበት» ብሎ ይጀምረዋል፤ ነገሩ ያው ነው። እኔ ግን ነቀፋው እምቧጮን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም።

ጎጃም ላይ ዋርካ ማለት አደባባይ ነው። ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ይደርሳል፤ ቅርንጫፉም በሰፊው ይንሰራፋል። ከሥሩ ገበያተኛ ያርፋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ያደርቃል። አድባር የሚባለውም እንዲህ ያለው ዛፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ባትወደውም ቡና የሚፈላለት፣ ቅቤ የሚቀባ። እምቧጮ ቁጥቋጦ ነው። እረኞች ለጋውን ልጠው ይበሉታል፤ ይኮመጥጣል። ጥላው ለፍየል እንኳ አይበቃም።

ጥላ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከፀሐይ መከለያ በላይ ነው። ሳይናገር የሚከበረውን ሰው «ጥላው ይከብዳል» እንለዋለን፤ ሞገስ ያጣውን «ጥላ ቢስ»። ዳዊት የደገመ ሰው ሁለት ጥላ ያውቃል። በመዝሙር 90 ጥላ የአምላክ መጠጊያ ነው፤ በመዝሙር 143 ግን የሰው ዘመን እንደ ጥላ ያልፋል። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ይህን ቢያገኝ አንዱን ሰም ሌላውን ወርቅ ያደርገዋል። ቅኔውን የሚቆጥረውም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው!

ዋርካውስ የት ሄደ? በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በአውላላው እርሻ መሀል፣ ያረጀ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ሌላው ለእርሻና ለማገዶ ተመነጠረ። ቦታውን ባሕር ዛፍ ያዘው። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ገንዘብም ያመጣል። ግን ሽቅብ ነው የሚያድገው፤ ጉባኤ የሚያስቀምጥ ጥላ የለውም።

እምቧጮ አድባር ልሁን አላለም። ሰው መሰብሰቢያ ሲያጣ ሾመው። ስለዚህ ተረቱ ለእርቅ በተቀመጠ ወጣት ላይ ሲወረወር ስሰማ ይከፋኛል። አባቶቹ አልፈዋል፤ እኩዮቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ገብተዋል። የተጣላውን ጎረቤት እሱ ካላስታረቀው ማን ያስታርቀው?