ከአደጋ በኋላ መንግስትን መጠየቅ፦ ጅማና አካባቢዋ

ረሃብ፣ ጎርፍ ወይ ናዳ ካለፈ በኋላ "ማን ምን ማድረግ ነበረበት፣ እርዳታውስ የት ገባ" ብሎ ባለስልጣን መጠየቅ በሀገራችን ጥሩ ማጣቀሻ የለውም፣ ስለ ጅማማ ጭራሽ ተበታትኖ ነው ያለው፣ ስለዚ እዚህ ሰብሰብ ተደርጓል።

በሰፊው የተጻፈለት የወሎው ረሃብ ነው። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ አሳዩ፣ ተማሪው ተነሳ፣ መንግስት ግን መደበቁን ቀጠለ። ጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በሀገሩ ቲቪ ታየ፣ እሱው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግስት ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ ለኛ ህዝብ ተለቀቀ፣ በነጋታው ንጉሱ ወረዱ። ጅማም በዛው ሰሞን ዝም አላለችም፤ በ1966 ህዝቡ አደባባይ ወጥቶ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ይነሱልን አለ፣ ተነሱም። ጥያቄው ስለ ረሃብ ሳይሆን ስለ አስተዳደር በደል ነበር፣ ግን ገዢን በስም ጠርቶ የጠየቀ ከተማ ነው። የሚያሳዝነው፣ የወሎውን ጉዳይ ጭምር የሚያጣራው መርማሪ ኮሚሽን ስራውን ሳይጨርስ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 የንጉሱ ባለስልጣናት የነበሩበትን 60 ገደማ ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ፣ ማን ምን ያውቅ እንደነበር ከራሳቸው አፍ ሳይሰማ ቀረ።

በ1977 ደርግ አስረኛ አመቱን በድግስ ሲያከብር ረሃቡ እንዳይነሳ ተደረገ፣ ከወር በኋላ የማይክል በርክና የመሀመድ አሚን ዘገባ ከኮረም ወጥቶ አለምን አዳረሰ። ከዛ ሰፈራው መጣ፣ ከሰፋሪው ብዙው የተላከው ያኔ ጅማ ዋና ከተማው ወደነበረችው ከፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ ነው። በግድ የተጫነ ብዙ ነው፣ ወዶ የሄደም እንዳለ ይነገራል።

በ1998 የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ዳሰነች ላይ ከ360 በላይ ሰው አለቀ፤ የግልገል ጊቤ ውሃም ከኛ ከጅማ ዞን ተነስቶ በኦሞ በኩል እዛ ነው የሚደርሰው።

አሁን ጅማ ውስጥ የሚጠየቀው በአብዛኛው ስለ አዌቱ ወንዝና ስለ ቱቦ ነው። ክረምት ሲከብድ ፕላስቲክ የደፈነው ቱቦ ውሃውን መንገድ ላይ ይተፋዋል፣ ሰፈሩም ቱቦው ሰኔ ሳይገባ ለምን አልተጠረገም ይላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማህበረሰብ ሬድዮና የፋና ጅማ ጣቢያ እዚሁ ስላሉ ሰው ለጥያቄው ሩቅ መሄድ የለበትም፣ ይሄ ብዙ ከተማ ያላገኘው እድል ነው። ሌላው ጉልበት እድር ነው፤ መዝገቡ ላይ አባወራው በስም ስላለ፣ ቀበሌው ወይ ቡሳ ጎኖፋ (የኦሮሚያ የአደጋ መረዳጃ ተቋም) ተጎጂ ብሎ የያዘውን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይቻላል፣ የተዘለለ ቤትም ያኔ ይታያል።

ሐምሌ 2016 ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ላይ ለማዳን የሮጠው ሰው በሁለተኛ ናዳ ተቀብሮ፣ የሟች ቁጥሩም 229 ከዛ 257 ሲባል፣ ጥያቄው የማስጠንቀቂያ ነበር፦ ቀድሞ የነገራቸው አለ ወይ? እንዲህ አይነቱን ለመጠየቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 12 ባለስልጣን ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል፣ በአዋጅ 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ለመስሪያ ቤቱ ህዝብ ግንኙነት በጽሁፍ መረጃ ይጠይቃል፣ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት፣ ከተከለከለ አቤቱታው መጀመሪያ ለመስሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዛ ለእንባ ጠባቂ ነው።