የጽዋ ማኅበር በድሬዳዋና በሐረር፦ ማዕድ፣ እርቅና ንስሐ

የጽዋ ማኅበር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በአንድ ቅዱስ፣ በእመቤታችን ወይም በጌታ በዓል ስም ተሰባስበው በወር አንድ ቀን በየተራ ከአባላት ቤት የሚገናኙበት የጸሎት፣ የማዕድና የመረዳዳት ኅብረት ነው። ሰንበቴ ከዚህ ይለያል፤ እሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀርብ ሲሆን ከማዕዱ በደጁ ያሉ ነዳያንም ይቋደሳሉ። ዕድር ደግሞ ሃይማኖት ሳይለይ ለቀብርና ለሐዘን የሚቆም ነው። አንድ ሰው በሦስቱም ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎችም አሉ።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለሐዲዱ ሥራ፣ ለንግድና ለጉምሩክ ከደጋው የወረደው ሰው ዘመዱን ትቶ ነው የመጣው። ሐረርም ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር የገቡ ቤተሰቦች በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ የተሠራውን የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ታከው ሲሰፍሩ እንዲሁ ነበር። በትውልድ አገሩ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው ወንድምና አጎት ያለው ሰው እዚህ እነሱን የሚተካለት ያስፈልገዋል። ማኅበሩ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ከድግስነቱ ይልቅ ዝምድናው የሚከብደው ከዚህ የተነሳ ነው።

ማኅበር ሲመሠረት አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር 12 ይሆናሉ፤ በዚህም እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደግሳል። ቀኑ በሚዘከረው ስም ይወሰናል፦ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27። አባላቱ ከመካከላቸው አንድ ሙሴ ይመርጣሉ፤ ሰብሳቢያቸው እሱ ነው። ገንዘብ ያዥና ጸሐፊም ይኖራሉ። አንድ ካህን በየወሩ ተገኝቶ ይባርካል፤ ከተቻለ የአብዛኞቹ የንስሐ አባት ቢሆን ይመረጣል።

የዕለቱ ሥርዓት ረጅም አይደለም። አባላቱ እንደገቡ ቆመው ይጸልያሉ፤ የዕለቱ ቅዱስ መልክእ፣ ማለትም የውዳሴ ድርሰቱ፣ ይደገማል፣ ተአምር ይነበባል፣ ካህኑ አጭር ትምህርት ይሰጣል። ከዚያ ዳቦው በመስቀል ምልክት ተባርኮ ይቆረሳል። ጽዋው በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ካህኑ ከባረከው በኋላ ሁሉም በየተራ ይቀምሳል። ማዕዱ የሚቀርበው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተነስቶ ጽዋውን ይረከባል፤ በእልልታ እስከ ቤቱ ይሸኙታል።

ጠላው የቆላውን ሙቀት ይፈራል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሐረር ላይ በቀዝቃዛው አየር ቀስ ብሎ የሚብላላው ጥንስስ እዚህ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ልምድ ያላቸው እናቶች ድፍድፉን ወፍራም አድርገው በጥላ ያቆዩትና ውሃውን የሚጨምሩት በበዓሉ ዋዜማ ነው፤ ጋኑንም በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልሉታል። ለ12 አባወራና ለጥቂት እንግዶች 25 ሊትር ጠላና ከ5 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ይበቃል። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በአጽዋማት ውስጥ ሲውል ማዕዱ የጾም ይሆናል፤ ሰዓቱም ከጾሙ መፈጸሚያ በኋላ ይደረጋል።

የማኅበሩ ልብ ግን ከዳቦው በፊት ያለው ነው። የተቀያየሙ አባላት ሳይታረቁ ጽዋው አይቀመስም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት እዚህ ምክር ሳይሆን ሕግ ነው፤ መሠረቱም መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቃል ነው። ሙሴው ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሰዎቹን ለብቻቸው ያስቀምጣል። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው አያቋርጥም። ጠቡ የብድር ከሆነ የገንዘቡ መጠንና የሚመለስበት ቀን ይቆረጣል፤ የስም ማጥፋት ከሆነ ይቅርታው የሚጠየቀው ሐሜቱን በሰሙት ፊት ነው። ጥፋተኛው «በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ» ይላል፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ይመልሳል፤ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። ብዙ ጊዜ እርቁ የሚበላሸው በችኮላ ነው። እንግዳ ተቀምጦ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ «በሉ አሁን ተሳሳሙ» የተባሉ ሰዎች በሦስተኛው ወር እንደገና ተኳርፈው ይገኛሉ። ብልህ ሙሴ ጉዳዩን ከበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ይጀምረዋል።

ከሰው ጋር መታረቁ ግን በራሱ ንስሐ አይደለም። ንስሐ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይመረምራል፣ ይጸጸታል፣ ከዚያ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል። ኑዛዜው የራስን በደል መናገር ነው፤ የባልን፣ የአማትን ወይም የአከራይን ጥፋት እየዘረዘሩ መቆየት ኑዛዜ አይባልም፤ ካህናት በብዛት የሚያርሙት ስህተትም ይኸው ነው። ካህኑ የሰማውን ለማንም አይገልጥም። የሚሰጠው ቀኖና ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሲሆን የሰውየውን አቅም ይመለከታል፦ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ስግደቱ በጸሎት ይለወጥላቸዋል። በድሬዳዋ ሙቀት በቀን ጸሐይ የሚሰግድ ሰው ስለሚደክም ሌሊት ወይም ማለዳ ቢሰግድ ይሻለዋል። እሑድና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ስግደት ስለሌለ ቀኖናው ሲሰጥ ይህ አብሮ ይቆጠራል። የሰረቀ የሰረቀውን ይመልሳል፤ ይህ ሳይሆን የሚሰገድ ስግደት ምን ይረባል? ቀኖናው ሲፈጸም ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ያሰናብታል፤ ተነሳሒውም ለሥጋ ወደሙ ይቀርባል።

ቆራቢ ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት ከእህልና ከውሃ ይከለከላል። እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይቀምስም ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ቅዳሜ ማታ የዋለ እንደሆነ ቆራቢው ከጸሎቱ ይካፈላል፣ ጽዋውን ግን አይቀምስም፤ ቤተኞቹም «ቅመስ» እያሉ አያስጨንቁትም። በሙቀቱ የውሃ ጥም እንዳይጎዳው ዓርብና ቅዳሜ ከሰዓቱ በፊት በደንብ ይጠጣል።

ማኅበር የሚፈርስበት ዋና ምክንያት የድግስ ፉክክር ነው። አንዱ በግ ያረደ እንደሆነ ቀጣዩ ሁለት ለማረድ ይበደራል፤ አቅም የሌላት መበለት ተራዋ ሲደርስ በእፍረት ትቀራለች። መተዳደሪያው «ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎና አንድ ዓይነት ወጥ» ብሎ ከወሰነ፣ ይህን የሚያልፍም ከተቀጣ ይህ ይቆማል። ወርሃዊ መዋጮው ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለተቸገረ መስጫ ነው፤ ተረጂው በስብሰባ መሀል ከሚጠራ ሙሴውና ገንዘብ ያዡ በቤቱ ሄደው ቢሰጡት ይሻላል። ብር የተቀበለ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ፍቅር አይደለም።

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር አንድ ግቢ የሚጋሩ ሙስሊም ጎረቤቶች በበዓሉ ቀን ይጠራሉ። በእነሱ በኩል የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ ሥጋው አይቀርብላቸውም፤ ቡና፣ ዳቦ፣ ቆሎና ለስላሳ ይቀርባል፤ ጠላ ባልነካው ብርጭቆ መሆን አለበት። እነሱም በዒድ እንዲሁ ያደርጋሉ።

የአካባቢው ማኅበራት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጓዛሉ። ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በአዲስ አበባ መንገድ ነው። ደብሩ በራስ መኮንን የተሠራ ሲሆን እሳቸውም በ1898 ዓ.ም. ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል የጉዞው ስንቅ የጾም ነው፤ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስላለው የቆላ ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ መርሳት የለበትም። ስለት የተሳለ ሰው በስሜት ከአቅሙ በላይ እንዳይሳል ቀድሞ የንስሐ አባቱን ቢያማክር መልካም ነው።

አባል ከተማ ሲለቅ ከማኅበሩም ከንስሐ አባቱም ተሰናብቶ ይሄዳል፤ በሚሄድበትም አዲስ አባት ይይዛል። አባል ሲሞት ተራው ለሚስቱ ወይም ለልጁ ይተላለፋል። ልጁ የመጀመሪያውን ጽዋ በሚያወጣበት ቀን ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም በጸሎቱ ይጠራል፤ የአባትየው መቀመጫም ለልጁ ይለቀቃል።