አንጻራዊ ፍጥነት ምንድን ነው? ያ 120 የማን ነው?

«ሲገናኙ ደምር፣ ሲከታተሉ ቀንስ።» የሁለት ተጓዦችን ፍጥነት ማለት ነው፤ ይህችን የማይሸመድድ ተማሪ የለም። ጣጣው የሚመጣው ከሽምደዳው በኋላ ነው።

ጥያቄው ይኸውና። ቡና የጫነ አይሱዙ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። 2 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በ70 ተነሳ። መንገዱን 350 ኪሎ ሜትር እንበለው። ስንት ሰዓት ላይ ይገናኛሉ?

አንዱ 50ንና 70ን ደምሮ፣ 350ን ለ120 አካፍሎ «2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ» ብሎ ቁጭ። ከመቼ ጀምሮ? ዝም። ሌላው ደግሞ «በዚያ መንገድ 120 የሚነዳ ማን ነው?» እያለ ያሾፋል። ወንድሜ፣ ማንም አይነዳም! 120 በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰዓቱ የሚያጥርበት መጠን ነው፤ አንጻራዊ ፍጥነት የሚባለውም ይኸው ነው። የአይሱዙውም የአውቶቡሱም አይደለም።

ሁለት ሰዎች አንድ እንጀራ ከሁለት ጫፍ ሲበሉ አስቡ። እንጀራው የሚያልቀው በሁለቱ ድምር ነው። ግን ሁለተኛው እጁን ታጥቦ እስኪቀመጥ የሚጎርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ያኔ ድምር ብሎ ነገር የለም። መከታተል ሲሆን ደግሞ አንዱ ይበላል፣ አስተናጋጇ ትጨምራለች። የሚጎድለው በልዩነቱ ነው። እሷ ከፈጠነች እንጀራው አያልቅም፤ ከኋላ ያለው መኪናም አይደርስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት የአይሱዙው ብቻ ነው። 50 ሲቀነስ 300 ይቀራል። ለ120 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ተኩል። 4:30 ላይ ይገናኛሉ። አይሱዙው የተጓዘበትን ጊዜ «ሰ» ብንለው፦

50ሰ + 70(ሰ − 1) = 350
120ሰ = 420
ሰ = 3.5

350ን ለ120 ያካፈለው ሰውዬ የዘለላት ያችን «− 1» ነው።

ፍጥነቱ ሳይለወጥ ይቀጥላል ብለናል እንግዲህ። የጊቤን ቁልቁለት የሚያውቅ ይስቅብናል፤ ይሳቅ። ወደ ብርሃን ፍጥነት ለተጠጋ ነገር ደግሞ አንዱ ከሌላው ላይ ሆኖ የሚለካው ፍጥነት ተራ ድምር አይሆንም፤ አንስታይን በ1905 ያሳየው ነው። አይሱዙን አይመለከትም።

አውቶቡሱ 2 ሰዓት ላይ ከጅማ ተነስቶ አይሱዙውን ቢከተልስ? ክፍተቱ 50፣ ልዩነቱ 20፣ አሁንም ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አሁንም 4:30። ይህን ሕግ ነው ብሎ የሚሸመድድ እንዳይኖር፦ የገጠመው አይሱዙው በዚያ ሰዓት ልክ መሀል መንገድ፣ 175ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ ነው። 70ውን 80 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ይፋለሳል።