ፍሪ ሬይን፦ ዛብ ነው ወይስ ዘውድ?

እንግሊዝኛ ላይ "ጊቭ ሳምዋን ፍሪ ሬይን" የሚባል አነጋገር አለ፣ ለአንድ ሰው በመሰለው መንገድ እንዲሠራ ነፃነት መስጠት ማለት ነው፣ ቢሮ ውስጥም ኢሜይል ላይም ዜና ላይም በጣም ያጋጥማል፣ እና ብዙ ሰው፣ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው ሁሉ ሳይቀር፣ ሲጽፈው ይሳሳታል። "ሬይን" ተብለው የሚነበቡ ቃላት ሦስት ናቸው። አንዱ ዝናብ ነው፣ እሱን ማንም አያምታታውም። ጣጣው ያለው ሁለቱ ጋ ነው፤ አር-ኢ-አይ-ኤን ተብሎ የሚጻፈው የፈረስ ዛብ ነው፣ አር-ኢ-አይ-ጂ-ኤን ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ንግሥና ነው። ጂዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፣ ስለዚህ በጆሮ ብቻ ልለያቸው ብትሉ አይቻልም።

አነጋገሩ ውስጥ ያለው ዛቡ ነው፣ ዘውዱ አይደለም።

ለምን ዛብ ሆነ? ልጓሙ ፈረሱ አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፣ ዛቡ ደግሞ ከልጓሙ ተነስቶ ጋላቢው እጅ ድረስ የሚመጣው ጠፍር። ጋላቢው ዛቡን ሳብ ሲያደርግ ብረቱ አፉን ይጫነዋል፣ ፈረሱም ይቀዘቅዛል ወይ ይቆማል፣ ወደ አንድ ጎን ሲስበው ወደዛው ይዞራል። አሁን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ናችሁ እንበል። እዛ ላይ ዛቡን አጥብቆ የያዘ ሰው ፈረሱን ነው የሚያሰናክለው፣ ምክንያቱም ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እግሩ የሚያርፍበትን ማየት አለበት፣ አንገቱን ዘርግቶም ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው። ስለዚህ ነገሩ የገባው ጋላቢ ዛቡን ላላ ያደርግለትና መንገዱን ፈረሱ ራሱ ይመርጣል። ፍሪ ሬይን ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ከኮርቻው አልወረደም፣ ዛቡንም አልጣለውም፣ እጁ ላይ ነው፣ ላላ አደረገው እንጂ።

ለኔ የአነጋገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው ያለው። ማናጀራችሁ በፕሮጀክቱ ላይ ፍሪ ሬይን ሰጥቻችኋለሁ ካላችሁ ሥልጣኑን አስረከባችሁ ማለት አይደለም፣ አካሄዱን እናንተ ታውቁታላችሁና በመሰላችሁ መንገድ ሥሩት፣ እኔ እያንዳንዷን እርምጃ አልቆጣጠርም ነው ያላችሁ። ካስፈለገው ዛቡን መልሶ ሊሰበስበው ይችላል። በጂ ስትጽፉት ግን ንገሡ የተባላችሁ ነው የሚመስለው፣ ንጉሥ ደግሞ ከላዩ ጋላቢ የለበትም፣ ትርጉሙ ሙሉ ለሙሉ ተገለበጠ ማለት ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ "ልጓም የለሽ" ብለው የሚተረጉሙት አሉ፣ አይሆንም። በኛ ቋንቋ ልጓም የለሽ ማለት ስድ፣ የሚገታው ያጣ ማለት ነው፣ "ለምላስህ ልጓም አብጅለት" የምንለውም ለዚህ ነው፣ ነቀፋ አለበት። ፍሪ ሬይን ውስጥ ግን መተማመን ነው ያለው። "በራስህ መንገድ ሥራው አለኝ" ወይም "ሙሉ ነፃነት ሰጠኝ" ቢባል በጣም ይቀርባል።

ሁለቱም ቃላት እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡት ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ እንደዚህ ያለ ቃል በገፍ ነው የገባው። ሥራቸውን ካያችሁ ግን አይገናኙም። ዛቡ ከላቲኑ "ሬቲኔሬ" የመጣ ነው፣ ይዞ ማስቀረት፣ መግታት ማለት ነው። ንግሥናው "ሬግኑም" ከሚለው ነው፣ መንግሥት ማለት፣ ዝም ያለችው ጂም ከዛው የቀረች ናት። ለማስታወስ እኔ የምመክረው ቀላል ነገር አለ፣ "ንጉሥ" የሚለው ቃላችን ውስጥ "ጉ" አለች አይደል? ጂ ያለበት የንጉሡ ነው በቃ።

ሰው የሚሳሳተው ግን በስንፍና አይመስለኝም። መኪና መጥቶ ፈረስ ከመንገድ ሲጠፋ ዛብን በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፣ ስዕሉ ሲጠፋ ጆሮው የሚያውቀውን ትርጉም ፈለገ፣ "እንደልቡ ይንገሥ" የሚለው ደግሞ ስሜት ይሰጣል። በዛ ላይ ፈረስና ሥልጣን ድሮም ጎረቤት ናቸው፣ እንግሊዞቹ "የሥልጣን ዛብ ያዘ" ይላሉ፣ እኛ "የሥልጣን እርካብ ተቆናጠጠ" እንላለን፣ ነገሥታቱንም በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን ነው የምንጠራቸው። እንዲህ ዓይነቱን፣ ትርጉም የሚሰጥ የሚመስል ስህተት፣ የቋንቋ ሰዎች ከ2003 ጀምሮ "ኤግኮርን" ይሉታል፣ ስሙ የመጣው "ኤኮርን" የተባለውን የኦክ ዛፍ ፍሬ "ኤግ ኮርን"፣ ማለትም "የእንቁላል በቆሎ"፣ በሚል አጻጻፍ ከጻፈች አንዲት ሴት ነው።

ዜና የምትከታተሉ ከሆነ "ሬይን ኢን" የሚለውንም ታገኙታላችሁ፣ የዋጋ ንረትን ሬይን ኢን ማድረግ ሲባል ዛቡን ሰብስቦ መግታት ነው፣ እሱም ያለ ጂ። "ታይት ሬይን" አጥብቆ መያዝ፣ እሱም ያለ ጂ። ኳስ ላይ የምትሰሙት "ሬይኒንግ ሻምፒዮን" ግን በጂ ነው፣ ዋንጫውን አሁን የያዘው፣ የነገሠው ቡድን ማለት ስለሆነ። የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ 70 ዓመት፣ ከ1952 እስከ 2022፣ በጂ። የኃይለ ሥላሴ ዘመንም፣ በኛ አቆጣጠር ከ1923 እስከ 1967፣ በጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ሲቪና የሥራ ማመልከቻ ለምትጽፉ። ስፔል ቼክ ላይ ብዙ አትመኩ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ቀይ መስመር ላያሰምርባችሁ ይችላል፣ እና "የቀድሞ አለቃዬ ፍሪ ሬይን ሰጥቶኝ ነበር" ብላችሁ ስትጽፉ ከመላካችሁ በፊት ጂዋን በዓይናችሁ ፈልጉ፣ ካለች አውጧት።