የጉበት ሕመም አእምሮ ላይ ሲወጣ፦ ምስሉ የሚያሳየውና የማያሳየው

ጉበቱ የታመመ ሰው ቀን ሲያንቀላፋ ውሎ ሌሊት ዓይኑ ፈጦ ቢያድር፣ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ብዙም አይገርምም። «መርቅኖ ነው» ይባላል። ቢነጫነጭ «ሀራራ ነው»፤ ቢቃዥ «ዱካክ ነው»። የጫት አገር ለሁሉም ስም አለው። ችግሩ የእንቅልፍ መገለባበጥ፣ ጉበት አእምሮን መንካት መጀመሩን ከሚናገሩ ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ መሆኑ ነው።

ሐኪሞች ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ ይሉታል። ነገሩ የሚጀምረው ከአንጀት ነው። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያመነጫሉ። ጤነኛ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ በሽንት ይወጣል። ጉበቱ በጠባሳ ሲሞላ፣ ማለትም ሲሮሲስ ሲይዘው፣ ደሙ በአቋራጭ ያልፈዋል። አሞኒያው ሳይጣራ አንጎል ይደርሳል። አስትሮሳይት የሚባሉት ሴሎች ተቀብለው ግሉታሚን ያደርጉታል፤ ግሉታሚኑ ውሃ ይስባል፣ ሴሎቹ ያብጣሉ።

ለሐረርጌ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐረር ውስጥ በጀጎልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን 150 ሰዎች ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ጫት መቃም ለሕመሙ ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ሄፓታይተስ ቢም ሌላው ትልቅ ምክንያት ነው።

ሰውዬው መቀባጠር ሲጀምር ቤተሰብ «ጭንቅላቱን ይነሳ» ማለቱ አይቀርም። ሲቲ ስካን ግን ይህን ሕመም ራሱን አያሳይም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የጉበት ሕመምተኛ ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ወድቆ ከነበረ ራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ሲቲው ይህን ይለያል።

ኤምአርአይ ላይ ግን የሚታይ ነገር አለ። ቲ1 በሚባለው ምስል፣ ከአንጎል መሃል ግሎበስ ፓሊደስ የተባለው ክፍል ግራና ቀኙ እኩል ነጣ ብሎ ያበራል። የሚያበራው ማንጋኒዝ ነው። ጤነኛ ጉበት በሐሞት የሚያስወጣው ይህ ማዕድን መውጫ ሲያጣ እዚያ ይከማቻል። ጉበት ከተቀየረ በኋላ ነጣ ያለው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ታዲያ ብርሃኑ የግራ መጋባቱ መለኪያ አይደለም፤ ደምቆ እያበራበት ሒሳቡን የማይስት ሰው አለ።

ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ደግሞ ፎቶ ሳይሆን የአንጎልን ኬሚካል ያነባል። በዚህ ሕመም ግሉታሚን ከፍ ይላል፤ ማዮኢኖሲቶልና ኮሊን ይወርዳሉ። ያበጠው ሴል ጭነቱን ለማቅለል ሌላ ዕቃ እየጣለ ነው ማለት ይቻላል። በአንጎል ውስጥ የውሃን እንቅስቃሴ የሚለካ የኤምአርአይ ዓይነትም አለ፤ ቀላል እብጠትን እንኳ ይጠቁማል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከአልጋ አጠገብ ይልቅ የምርምር ቤት መሣሪያዎች ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ርካሹ ምርመራ ነው። ሕመምተኛው እጁን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፣ ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያስቆመው። ሕመሙ ካለ የእጁ አንጓ በየቅጽበቱ ይከዳዋል፤ መዳፉ ወደቅ ቀና ይላል። አዳምስና ፎሊ የተባሉ ሐኪሞች ይህን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ምልክቱ ገና ያልጎላውን ሕመም ለማግኘት ከ1 እስከ 25 ያሉ ቁጥሮችን በመስመር ማገናኘት አለ፤ ቁጥር ላልተማረ ግን አይሆንም። ለእሱ በ60 ሴኮንድ የቻለውን ያህል እንስሳ መጥራት ይቀላል። በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ይሆናል። ከ10 በታች ከቀረ ያጠራጥራል። የሐረር ሰው መቼም ጅብን አይዘልም።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ላክቱሎስ በተባለ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ ለስላሳ ሰገራ እንዲያስወጣ ተደርጎ ይመጠናል፤ አሞኒያው አብሮ ይወጣል። የሆድ ድርቀት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ ደግሞ ለድሬ ልጅ አይነገረውም።