በአሜሪካ የምርጫ ክልሎች አከላለል እና የሁለቱ ፓርቲዎች ፍልሚያ

በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል። ውጤቱ ሲታወቅ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች ለግዛቶቹ በሕዝባቸው ብዛት ይደለደላሉ፤ ከአንድ በላይ መቀመጫ ያለው ግዛት ሁሉ የኮንግረስ ምርጫ ክልሎቹን እንደገና ያካልላል። የየግዛቱ ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችም እንዲሁ ይከለሳሉ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ካርታውን የሚያወጣው ራሱ የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ጭቅጭቁም የሚነሣው ከዚህ ነው፤ መስመሩን የሚያሰምሩት በዚያው መስመር የሚወዳደሩት ሰዎች ናቸው።

ብልሃቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተቀናቃኙን ደጋፊዎች በብዙ ክልሎች በትኖ የትም አብላጫ ማሳጣት ነው። ሁለተኛው በጥቂት ክልሎች አጭቆ በሰፊ ልዩነት እንዲያሸንፉ መተው ነው፤ ትርፉ ድምፅ ለሌላ መቀመጫ አይውልም። ነገሩ ጄሪማንደሪንግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጄሪ በ1812 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከፈረሙበት ካርታ ነው። ዛሬ ሥራውን ኮምፒውተር አቅልሎታል፤ የትኛው ሰፈር ከዚህ በፊት ለማን እንደመረጠ እየታየ መስመሩ ይሳባል።

ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላስገቡም ነበር። ቴነሲ ከ1901 ጀምሮ የምክር ቤቷን ክልሎች ሳትከልስ ቆይታ ከተሞቿ ሲያድጉ የገጠሩ ድምፅ ከከተሜው በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 እንዲህ ያለው አቤቱታ ሊታይ እንደሚችል ወሰነ፤ በ1964 ደግሞ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲሆኑ አዘዘ። ይህ ግን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሄደው፤ በሕዝብ ብዛት ፍጹም እኩል የሆኑ ክልሎች ለአንድ ፓርቲ ፍጹም ያደሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰሜን ካሮላይና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የቀድሞ ካርታዋ በዘር ላይ ተመሥርቷል ተብሎ ሲሻር፣ በ2016 አዲሱን ያዘጋጁት ሪፐብሊካኖች መለኪያቸው ፓርቲ እንጂ ዘር እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። የምክር ቤቱ አባል ዴቪድ ሉዊስ ካርታው ለፓርቲያቸው 10፣ ለዴሞክራቶች 3 መቀመጫ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀረቡት 11 ለ2 ማድረግ የሚቻል ስላልመሰላቸው መሆኑን ሳይደብቁ አስረዱ። ግሪንስቦሮ ከተማ ያለው፣ በታሪኩ የጥቁሮች የሆነው የግብርናና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ለሁለት ተከፈለ። ከግቢው መንገድ በወዲህ የሚኖር ተማሪ በአንድ ክልል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው በሌላ ክልል መራጭ ሆነ።

ዴሞክራቶችም በተራቸው በሜሪላንድ ያንኑ አድርገዋል። በ2011 ካርታ 6ኛውን ክልል ዴሞክራቶች ወደሚበዙበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በመሳብ ለሃያ ዓመት የቆዩትን ሪፐብሊካን ሮስኮ ባርትሌትን በ2012 ከወንበራቸው አስነሡ። አገረ ገዥ የነበሩት ማርቲን ኦማሊ ዓላማው ዴሞክራት የሚመረጥበት ዕድል የሰፋ ክልል መፍጠር እንደነበር በኋላ በምስክርነታቸው አምነዋል። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግም በዚያ ካርታ ከፔንስልቬንያ ድንበር ገበሬዎች ጋር በአንድ 8ኛ ክልል ገብታ ነበር።

የሁለቱ ግዛቶች ጉዳይ በ2019 አንድ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፍለው፣ ለፓርቲ ያደላ አከላለል የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚዳኘው ጉዳይ አይደለም አሉ። ክርክሩ ወደየግዛቱ ፍርድ ቤት ወረደ፤ እዚያም የዳኞቹ ስብጥር ሲለወጥ ፍርዱ ይለወጣል። በሰሜን ካሮላይና በ2022 በፍርድ ቤት ካርታ 7 ለ7 የነበረው ውጤት፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሪፐብሊካን አብላጫ በ2023 ለፓርቲ ያደላ ካርታን የከለከለውን የቀድሞ ውሳኔውን ከሻረ በኋላ በ2024 ምርጫ ለሪፐብሊካኖች 10 ለ4 ሆነ።

አሪዞናና ካሊፎርኒያ በሕዝበ ውሳኔ ሥራውን ከፖለቲከኞች ወስደው ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጥተው ነበር። በ2025 ግን ቴክሳስ ቆጠራ ሳትጠብቅ ለሪፐብሊካኖች አምስት መቀመጫ ለመጨመር ካርታዋን ቀየረች፤ ዴሞክራት የምክር ቤት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ለማጉደል ግዛቱን ለቀው ቢወጡም አላስቆሙትም። የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር የኮሚሽናቸውን የኮንግረስ ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን ብለው ዴሞክራቶች ያዘጋጁትን አጸደቁ። ኢንዲያና ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፦ ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት የግዛቱ ሴኔት በታኅሣሥ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አጥብቀው የገፋፉለትን ካርታ 31 ለ19 ጣለው።