ቪዲዮ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚታየው ራም አይደለም

የድሮ የሠርግና የክርስትና ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ምክር ጆሮዬን አሰልችቶታል፦ «ከካፕቸር ካርድ የሚመጣው ቪዲዮ ከተቆራረጠ ራም ጨምርበት።» ካፕቸር ካርድ የካሴት ማጫወቻውን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ራም ደግሞ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ። ምክሩ ሰውን ለከንቱ ወጪ የሚዳርግ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የልጃቸውን የሠርግ ካሴትና አሮጌ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ራም ገዝተው አስጨምረዋል። የቀዱትን ከፍቼ አየሁት፤ ሙሽራዋ ኬክ ስታጎርስ እጇ ከሳህኑ ተነስቶ በአንዴ ሙሽራው አፍ ላይ ይገኛል፤ መሀሉ የለም።

«ጋሼ፣ ካርዱን የት ላይ ነበር የሰኩት?» አልኳቸው።

አሳዩኝ። ካርዱም፣ ቅጂው የሚቀመጥበት ውጫዊ ዲስክም በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። በፓል (በእኛ አገር በተለመደው የቴሌቪዥን ሥርዓት) የተቀዳ ካሴት በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል አለው፤ አንዱ ፍሬም 720 በ576 ነጥብ ነው። ሳይታመቅ ሲቀዳ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ያው ምስል በዚያው መስመር ተመልሶ ወደ ዲስኩ ሲሄድ ድምሩ ከ40 ያልፋል። አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ያለው ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ በሰከንድ 480 ሜጋቢት (60 ሜጋባይት) ይባልለት እንጂ በተግባር 40 ሜጋባይት የሚሞላበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጠበበው መንገዱ ነው፤ ራም መንገድ አያሰፋም። ካርዱን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፤ ቅጂውንም ወደ ውስጠኛው ዲስክ አዞርኩት። የሙሽራዋ እጅ መንገዱን ሳይዘል ደረሰ። መምህሩ ግን የራሙን ገንዘብ አላገኙትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ራም የሚረዳው እውነትም ሞልቶ ከሆነ ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እየቀዳችሁ ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱ። መቶ በመቶ የሞላው ፕሮሰሰሩ ከሆነ የኢንተርኔት አሳሹን ዝጉ፤ የመቅጃ ፕሮግራሙን የማመቂያ ፍጥነት ወደ ፈጣኑ ቀይሩ። ዲስኩ ከሆነ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ።

«ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። ካሴት ለመገልበጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

«መብራት ቢጠፋም ላፕቶፕ በባትሪ ያው ነው።» ያው አይደለም፤ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዘገዩታል። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ።

«ካሴቱ ስላረጀ ነው» ለሚለው ደግሞ ዴኩን፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን፣ በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። እዚያ ጥርት ብሎ ከታየ ካሴቱን አትውቀሱ። ነገር ግን ከማጫወታችሁ በፊት በካሴቱ መስኮት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጣና ዳር እርጥበት ባለበት ቤት ለዓመታት የቆየ ካሴት ጥቅልሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሳይጸዳ ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ ሻጋታው ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ራስ ያበላሻል፤ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴትም ይተላለፋል።